የአስራ አንደኛው መስመር ጆሮዎች

ዛሬ "የቬስታ ኮልቢን ግጥም አንብቤያለሁ" የሚል ሰው ፈልጉ ብትባሉ፣ በመላው አሜሪካ አንድ አውቶቡስ የሚሞላ አታገኙም። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት አሳትማለች። የምትጽፈው ቤት የማይመታ ግጥም ነው። "ቤት ካልመታ ምኑን ግጥም ሆነ?" እያልኩ አበሽቃት ነበር፤ እሷም "አንቺ ብቻ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፍሽ ገልብጪልኝ" ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ያ ግጥም ሰው ሊገድል ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የግጥሙም የእሷም አልነበረም። የኔ ነበር። ከእሷ በቀር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩት።

ሉዌላ ፕራት እባላለሁ። ነብራስካ ውስጥ ቶርንበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሚስማር ሱቁ በላይ ባለው ስልክ ቤት፣ እኔና ቬስታ ሰሌዳ ላይ ገመድ እየሰካን ደዋይን ከተደዋይ የምናገናኝ ስልከኞች ነበርን። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሽቦ የለውም። አስራ አንደኛው መስመር ላይ ብቻ አስራ ሁለት ቤቶች በአንድ ሽቦ ይኖራሉ። የየቤቱ አጠራር ለየቅል ነው፤ ግን የማንም ስልክ ቢጮህ ሁሉም ያነሳል። ክረምቱ ረጅም፣ ጎረቤቱ ሩቅ፤ ሰው ምን ያድርግ? ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሁሉም ያዳምጣል፣ ማንም "አዳመጥኩ" አይልም። የልጅህን ኩፍኝ ሰኞ በስልክ የሰማ ጎረቤት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ልጆች ደኅና ናቸው?" ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቅሃል፤ አንተም እንደ አዲስ ትነግረዋለህ። ሽቦው ግን ጉልበት የለውም። አንድ ጆሮ በተጨመረ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ ይደክማል።

አንሰን ሃርግሮቭ በዚያው መስመር ላይ ነበር። የከተማውን የስንዴ ጎተራ የያዙት የባለጠጋዋ መበለት፣ የወይዘሮ ሃርግሮቭ አንድ ልጅ ነው። የቬስታ አባት ደግሞ የፈረስ ጋጣ ጠራጊ። አንሰን በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልና "ሰዓት ስንት ነው?" ይላታል። ኪሱ ውስጥ የአባቱ የወርቅ ሰዓት አለ! እሷም ትነግረዋለች። "አራት ሰዓት ከሩብ" ስትል ጉንጯ ይቀላል፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ እስቃለሁ። ከዚህ ያለፈ ቃል በዚያ ሽቦ ላይ ተናግረው አያውቁም። በአስራ ሁለት ቤት ጆሮ ፊት ማን ይደፍራል?

እናትየው ግን ገባቸው። አንድ ቀን ለጓደኛቸው ደውለው፣ ቬስታ ሰሌዳው ላይ እንዳለች እያወቁ፣ "ፋንድያ የሚጠርግ ሰው ልጅ ከእኔ ገበታ አትቀርብም" አሉ። ቬስታ፣ ማን ለማን እንደደወለ የምንመዘግብባቸውን ወረቀቶች አንስታ በጀርባቸው መጻፍ ጀመረች። ግጥሞቿን ሁሉ የምትጽፈው እዚያ ነበር። እኔም ገልብጬ ሺካጎ ላለ አንድ መጽሔት ላኩላት። አላየሁም እንጂ ግጥሙ ሁለት ወረቀት ነበር። ሁለተኛው በስህተት በዓመት አንዴ ወደ ኩባንያው የሚሄዱት ወረቀቶች ሳጥን ውስጥ ገብቷል። እኔ የላክሁት ግማሹን ነው።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንሰን ደብዳቤ መጣ። ከመጽሔቱ የተቆረጠ ገጽ አብሮት አለ። ገጹ ላይ የታተመው ይህ ነበር፦

ድምፅህ ይበቃኛል።
ሰውነትህ አይምጣ፣ ደጃፌን አይርገጥ።
በሽቦው ውስጥ ያለኸውን ወድጃለሁ፤
የቀረውን ለእናትህ ትቻለሁ።

ደብዳቤው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ቬስታ፣ ገባኝ። ደጃፍሽን አልረግጥም። ነገ ረቡዕ በባቡር ኦሪገን፣ አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰዓት እየጠየቅሁ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰዓቴ ደኅና ነበር።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ሉዌላ፣ መጨረሻው የታለ? ማን ነው የቆረጠው?"

"እ… ሺካጎዎች ይሆናሉ፤ እነሱ ምን የማይቆርጡት አለ?" አልኳት። አፌን በቆረጠው! ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ሳጥኑን በረበርኩ፤ ሁለተኛዋን ወረቀት አገኘኋት። ልሰጣት ነበር። ስትመለስ ዓይኗን አየሁና ፈራሁ፤ ወረቀቷን ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

"ደውዪለታ!" አልኳት።

"አስራ አንደኛው መስመር እየሰማ? ሞቼ ነው! ማታ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ነገ አይደል የሚሄደው፤ ጊዜ አለኝ።"

ጊዜ አለኝ አለች።

ያ ጠዋት ሞቃት ነበር። በእኛ ሜዳ በጥር የሚሞቅ ጠዋት ሰውን ያታልላል፤ ገበሬው ካፖርቱን ቤት ጥሎ ይወጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰሜኑ ነጭ ሆነ። ከዚያ ነፋሱ መስኮታችንን መታው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፖስታ ቤት ዓይናችን እያየ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ቀን ከቤት እስከ ጋጣ የተዘረጋ ገመድ ያልያዘ ሰው የገዛ ጓሮው ውስጥ ጠፍቶ ይሞታል። እኛ አገር በየዓመቱ የምንቀብረው አለን።

ሰባት ሰዓት አልፎ፣ ሰው ሲደውል ሰሌዳው ላይ የምትወድቀው የአስራ አንደኛው መስመር ምልክት ወደቀች። ቬስታ ገመዱን ሰካች፤ እኔም በሁለተኛው ማዳመጫ ገባሁ።

"ቬስታ…" እሱ ነው። ግን ምን ዓይነት ድምፅ! ከጉድጓድ ሥር የሚመጣ ይመስላል። "ከሰሜኑ እርሻ… ከቆጡ… እግሬ…" እያለ ደከመ። ከመካከል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ስልክ የሚያነሱ ጎረቤቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ቀጭታ ድምፁ ይርቃል።

"አንሰን! አልሰማሁህም፤ ድገምልኝ!" አለች። ከዚያ "ጎረቤቶች፣ እባካችሁ ዝጉ! ሰው አደጋ ላይ ነው!"

አንድም ሰው አልዘጋ።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ቢዘጉ ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ካለ ደግሞ ሲያዳምጡ እንደነበር ይታወቃል። እያንዳንዳቸው ሌላው ይዝጋ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ለሌላ አገር ሰው ቢነገረው "አብደዋል" የሚለን ነገር ነው። በነውር የተነሳ ሰው ሊሞት!

ቬስታ ተነስታ ቆመች። ያቺ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ጮኸች።

"ወይዘሮ ፕሊምፕተን፣ የግድግዳ ሰዓትዎ ይሰማኛል። ይዝጉ!"

የግድግዳ ሰዓቱ መምታቱን ቀጠለ።

"ወይዘሮ ፕሊምፕተን፣ በነፍስዎ!"

ቀጭ።

"አቶ ዴል፣ የሚያስሉት እርስዎ ነዎት! ኪትሪጆች፣ ሕፃኑ እያለቀሰ ነው፤ ዝጉና አባብሉት! ሚስ ኦርኩት፣ በቀቀንዎ ሃሎ እያለ ነው፤ እግዚአብሔር ያየናል!"

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። የአንሰን ድምፅ እየቀረበ መጣ።

"እኔን አልጠራሽም፣ ልጄ" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። ከአውሮፓ፣ ከቦሄሚያ የመጡት ሽማግሌ ሁብካ ናቸው፤ እርሻቸው ከሃርግሮቭ ሰሜን እርሻ ጋር ይዋሰናል። "እኔ ሳዳምጥ ነበር፤ ምን ይጠበስ! ልጁ ከመሄዱ በፊት ለከብቶቹ ድርቆሽ ሊያወርድ መጥቶ ከቆጡ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። እየተጎተተ ባዶው ቤት ገብቷል፤ ምድጃው ጠፍቷል። ከልጆቼ ጋር የአጥሩን ሽቦ በእጃችን ይዘን እንሄዳለን። አንድ ማይል ነው። በዚህ ነፋስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። አንቺ ብቻ እንዳይተኛ አድርጊ።"

"ጓንት ደርቡ!" አለች ቬስታ፤ ዘግተው ነበር።

"ቬስታ" አለ አንሰን፣ አሁን ጥርት ብሎ። "አትጨነቂ። ቅድም በርዶኝ ነበር። አሁን እንኳን አይበርደኝም። ትንሽ ልተኛ ነው።"

በእኛ አገር "አይበርደኝም" ሲል ሰውየው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ቬስታም ታውቃለች።

"አትተኛም! ሰማኸኝ? አንሰን!"

መልሱ እንደገና ሩቅ ሆነ። አሁንም አንድ ጆሮ አለ። አዳመጥን። በቀቀን የለም፣ ሕፃን የለም፤ የሴት ትንፋሽ ብቻ ነው፣ የተቆራረጠ።

"ወይዘሮ ሃርግሮቭ" አለች ቬስታ ቀስ ብላ። "እርስዎ ነዎት?"

ትንፋሹ ቆመ። "ልጄ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ነሽ ለዚህ ያደረስሽው! አንቺና ያ ግጥምሽ! በሄደልኝ ብዬ ነበር… ወደ ኦሪገን ማለቴ ነው፤ እንዲህ እንዲሄድ አይደለም።"

"ወይዘሮ፣ በኋላ ይሰድቡኛል። ሁለታችን መስመሩ ላይ ካለን ድምፃችን አይደርሰውም፤ አንዳችን መውጣት አለብን። እርስዎ እናቱ ነዎት። ያናግሩት፣ አያስተኙት። እኔ ገመዴን ልንቀል።"

እጇ ገመዱ ላይ አረፈ። ገመዱን ብትነቅል በሕይወት ይኑር ይሙት የምታውቀው በሰው ወሬ ነው። "አትንቀዪ" ልላት ፈለግሁ።

"አንሰን!" አሉ እናትየው። "አንሰን፣ እናትህ ነኝ! ልጄ! አንሰን!"

ለረጅም ጊዜ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ፣ በተሳሰረ ምላስ፣ "ቬስታ… ሰዓት ስንት ነው?" አለ።

እናትየው ስሙን መጥራት ተዉ።

"ንገሪው" አሉ። ስልኩ ቀጭ አለ።

"ስምንት ሰዓት ሊሆን አስር ጉዳይ ነው" አለች ቬስታ፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። "አንሰን፣ ስማኝ። ዓይንህን ግለጥ። ያ ግጥም አላለቀም። መጨረሻ አለው።"

"አነበብኩት እኮ" አለ። "ደጃፌን አትርገጥ አልሽ።"

"ቆርጠውት ነው! መጨረሻው… መጨረሻው እንዲህ ነው…" አለችና ቆመች። ግንባሯን ያዘች። በፍርሃት ብዛት የገዛ ቃሏ ጠፋባት። "ሉዌላ፣ አላስታውሰውም። ወይኔ፣ አላስታውሰውም!"

ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁ።

"ሺካጎዎች አይደሉም" አልኳት። "እኔ ነኝ። ሳላይ ግማሹን ላክሁት። ጠዋት አገኘሁት፤ ፈርቼ ደበቅሁሽ።"

አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መልሳ አነበበችለት፦

የዋሸሁት ፈርቼ ነው፤
ጆሮ ስለበዛ ነው።
ና። ማንንም ሳትጠይቅ ና።
በሬ አልተቆለፈም፣ ተቆልፎም አያውቅ።

"ሰማህ? አንሰን! እወድሃለሁ። በአደባባይ ነው የምልህ! ከፈለጉ አስራ ሁለቱም ቤት ይስሙ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ይንገሩብኝ! እወድሃለሁ፣ አትሙትብኝ!"

"እኔ እኮ…" አለ። ሌላ ቃል ጀመረ። አልጨረሰውም።

ከዚያ ወዲያ መልስ የለም። ቬስታ ግን አላቆመችም። የጻፈቻቸውን ወረቀቶች ሁሉ ከመሳቢያ ገልብጣ ታነብለት ጀመር። ስለ ሣር፣ ስለ እናቷ ሞት፣ ስለ ባቡር ጭስ፣ ስለ ፈረሶች ላብ። ወረቀቱ ሲያልቅ የፖም ኬክ እንዴት እንደምትጋግር ነገረችው። ሰማንያ ጊዜ ስሙን ጠራችው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋሱ እንደሆነ አልበረደም፤ ድምጿ ግን እየተሰነጠቀ ነው።

በሩ ተበረገደ። ወይዘሮ ሃርግሮቭ ናቸው! ቤታቸው ከእኛ ሦስት ሱቅ ወዲያ ነው፤ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጥተዋል። ባርኔጣ የለ፣ ጓንት የለ፤ ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚባለው እውነት ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጠው በሚጠሏት ልጅ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"መለሰልሽ?" አሉ።

ቬስታ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። መናገሯን አላቋረጠችም።

የኔን ማዳመጫ ለእሳቸው ሰጠሁ። እሳቸውም ከጆሯቸው ትንሽ ፈቀቅ አደረጉልኝ፤ ጭንቅላታችንን አጋጥመን አዳመጥን። ምንም የለም። ሩብ ሰዓት ምንም። ግማሽ ሰዓት ምንም።

"ቬስታ፣ የኔ እናት" አልኳት። "ይብቃሽ። ምናልባት…"

"ዝም በይ! እየሰማኝ ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"አላወቅሁም" አለች። ወደ ስልኩ ተመልሳ "አንሰን፣ አባቴ አንድ ጊዜ የገዛት ቀይ ባዝራ ነበረች…" ብላ ቀጠለች። እናትየው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ በሆዴ ጸሎት ጀምሬ የት እንደደረስኩ እየጠፋብኝ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ሁለቱም የሚያውቁትን እኔም አውቃለሁ፦ ከሞተ ለሞተ ሰው ነው ስለ ባዝራ የምታወራው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አስር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሽቦው ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። በር ነው። የቦት ጫማ ዳና፣ ሰዎች በቦሄሚያ ቋንቋ ሲጯጯሁ፣ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት። ከዚያ ጸጥታ። ቬስታ አረፍተ ነገሯ መሃል ላይ ቆመች። እናትየው የቬስታን ክንድ ያዙ፤ ጥፍራቸው ሥጋዋ ውስጥ ሲገባ አያለሁ፤ ቬስታ የተሰማትም አይመስለኝ።

ከወዲያ ማዶ ስልኩን አንድ ሰው አነሳው። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

"ሁብካ ነኝ" አሉ። "አለ። እግሩ ክፉኛ ተሰብሯል፣ ሁለት ጣቶቹም አላማሩኝም። ግን አለ፣ ይተነፍሳል! ከመሬት ተኝቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ በቀበቶው አስሮ አገኘሁት።" ከጎናቸው አንድ ሰው ያጉረመርማል። "ምን? እሺ፣ እሺ። ልጄ፣ 'ለምን አቆመች?' ይላል።"

ቬስታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። አፏን ከፈተች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ የተናገረች ልጅ አንድ ቃል አልወጣት አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ ድምፅ ግን የለም። በዓይኗ እኔን ለመነችኝ። እኔም ከእሷ አልሻልም፤ አፌን በሽርጤ ይዤ ቆሜያለሁ።

ወይዘሮ ሃርግሮቭ ናቸው የደረሱልን። በቀዘቀዘ እጃቸው የቬስታን ጀርባ እያሻሹ፣ በሌላው እጃቸው የኔን መነጋገሪያ ወደ አፋቸው ሳቡ።

"አንሰን፣ እናትህ ነኝ" አሉት። "ትንሽ ታገሳት፣ ልጄ። እያለቀሰች ነው።"